እጅህን አውርድ

[የልብስ ስፌት ቤት፤ ጠዋት። ግድግዳው ላይ መስታወትና ሰዓት አለ። ሰዓቱ ሦስት ተኩል ይላል። ሰፊው ስፒል በከንፈሩ ይዞ የአዲስ ኮት እጅጌ እያጠፈ ነው። ኮቱን የለበሰው የሚስቱ ወንድም ነው፤ ማተሚያ ቤቱ እስኪዘጋ ድረስ ሃያ ዓመት በአራሚነት የሠራ። ቀኝ እጁን አጥፎ ስልኩን አፍንጫው ሥር ደቅኗል።]

አራሚው፦ አልለቀውም! ዛሬ በፍጹም አልለቀውም!

ሰፊው፦ ማንን?

አራሚው፦ ይሄን ቀይ ብዕር!

ሰፊው፦ ብዕሩን ተወውና እጅህን አውርድልኝ፤ እጅጌህን ልለካ።

አራሚው፦ ብዕር አይደለም፣ ሰው ነው። ኢንተርኔት ላይ ራሱን ቀይ ብዕር ብሎ የሰየመ ሰው!

ሰፊው፦ የማን ልጅ ነው?

አራሚው፦ እኔ ምን አውቄ!

ሰፊው፦ ሳታውቀው ነው የተጣላኸው?

አራሚው፦ ባውቀውማ አልጣላውም ነበር። ያንተው ገጽ ላይ፣ ያንተው ኮት ፎቶ ሥር ሦስት ወር ሙሉ ስንነታረክ አላየህም?

ሰፊው፦ ኮሜንት ብዙ ነው...

አራሚው፦ አስተያየት!

ሰፊው፦ እሺ፣ አስተያየት። ብዙ ነው፤ ያደክመኛል። እጅህን አውርድ። አራት ሰዓት ላይ ቃለ መጠይቅ አለብህ።

አራሚው፦ ለቃለ መጠይቁ አታስብ። አዲሱ ማተሚያ ቤት አራሚ ይፈልጋል፣ አራሚው እኔ ነኝ። አለቀ።

ሰፊው፦ እኔ ሳልሆን እህትህ ናት የምታስበው። ስድስት ወር ሶፋችን ላይ ነህ። ዛሬ ካልተቀጠረ እሱን ወይ ሶፋውን አስወጣለሁ ብላለች። እኔ ደግሞ ሶፋውን እወደዋለሁ።

አራሚው፦ እቀጠራለሁ አልኩህ! መጀመሪያ ግን ይሄን ሰውዬ ልክ ላስገባው። ጥፋቱ እኮ ያንተ ነው።

ሰፊው፦ ደግሞ እኔ ምን አጠፋሁ?

አራሚው፦ ቅዳሜ ምን ብለህ ለጠፍክ? «ልብሥ በልክዎ»! ልብስን በንጉሡ ሠ!

ሰፊው፦ በማን ነው መጻፍ የነበረብኝ?

አራሚው፦ በእሳቱ ሰ!

ሰፊው፦ ከንጉሡም ከእሳቱም ራቅ ብዬ ብሠራ ይሻለኝ ነበር። ለመሆኑ ሲነበብ ይለያያል?

አራሚው፦ አይለያይም።

ሰፊው፦ ሰው ልብስ መሆኑ ይገባዋል?

አራሚው፦ ይገባዋል!

ሰፊው፦ ታዲያ ምን ሆንክ?

አራሚው፦ እሱ ነዋ የሚያንገበግበኝ! ተሳስተህም ይገባቸዋል! ሰው ስህተቱን እንዳለ እየተረዳ ከኖረ እኔ ምን ልሠራ ነው?

ሰፊው፦ [እያሰበ] እሱስ ልክ ነህ። እጅህን።

አራሚው፦ ቆይ፣ ልጻፍ... «ወንድሜ ሆይ፣ የማያውቁትን መጠየቅ ነውር አይደለም...»

ሰፊው፦ አሁን እየሰደብከው ነው እየመከርከው?

አራሚው፦ በጨዋ ደንብ እየሰደብኩት ነው። ላክሁት! [ስልኩ ላይ አፍጥጦ ይጠብቃል። ስልኩ ድምፅ ያሰማል። ያነባል። ይጮሃል] ወይኔ!

ሰፊው፦ ስፒል ወጋህ?

አራሚው፦ ስፒል በወጋኝ ይሻለኝ ነበር! «መጨረሻው ላይ አራት ነጥብ ረስተዋል» ይለኛል! እኔን! አርባ ሁለት ሰው ደግሞ ወዶለታል!

ሰፊው፦ ረስተህ ነበር?

አራሚው፦ አንተ ነህ ያስረሳኸኝ! እጅህን፣ እጅህን እያልክ!

ሰፊው፦ በል እጅህ እንደታጠፈ በለካሁት ልስፋው እንግዲህ። ምን ላድርግ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው። አውልቅ።

[አራሚው ስልኩን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ እያቀባበለ ኮቱን ያወልቃል። ሰፊው የስፌት መኪናው ፊት ተቀምጦ ይሰፋል።]

አራሚው፦ አንዲት ሴትዮ ደግሞ «ይሄ ኮት ለባሌ ይሆነዋል» ብላ ጻፈችልህ። ያለ ጥያቄ ምልክት!

ሰፊው፦ አሳዛኝ ነው። ምን አልካት?

አራሚው፦ «እየነገሩን ነው ወይስ እየጠየቁን?» አልኳታ።

ሰፊው፦ ደንበኛዬን?

አራሚው፦ አስተማርኳት! እሷ ግን «ባሌም ልክ እንደ እርስዎ ነው፤ አድራሻችሁ የት ነው» አለችኝ። ይሄንንም ያለ ጥያቄ ምልክት!

ሰፊው፦ መጥታለች። ለባሏ ሁለት ኮት አዘዘች። ማክሰኞ ደግሞ ሁለት ጎረምሶች አንዱ ንጉሡ፣ አንዱ እሳቱ እያሉ ገብተው፣ ሳይታረቁ ሱሪ አስለክተው ወጡ።

አራሚው፦ አየህ? ቋንቋ የሚያርም ሰው ያለበት ቤት ይከበራል።

ሰፊው፦ እውነትህን ነው። ካላንተ ማን ያየን ነበር። በል ልበስ፣ አልቋል።

[አራሚው ይለብሳል። ስልኩ ወዲያው ወደ ቀኝ እጁ ይመለሳል፤ እጁም ወደ አፍንጫው። መስታወት ፊት ይዞራል። ድንገት ይቆማል።]

አራሚው፦ ሃ! ይሄ ምንድነው?

ሰፊው፦ የቱ?

አራሚው፦ ይሄ! ኮሌታው ሥር! ክር ተንጠልጥሏል! ሠላሳ ዓመት ሰፍተህ ክር ትተዋለህ?

ሰፊው፦ ውይ፣ አገኘሃት?

አራሚው፦ ከኔ ዓይን ምን ያመልጣል! [ክሩን በኩራት መዝዞ ወለሉ ላይ ይጥላል] ይኸው!

ሰፊው፦ ጎሽ። ሁልጊዜ አንዲት እተዋለሁ።

አራሚው፦ ሁልጊዜ? ለምን?

ሰፊው፦ አንዳንድ ደንበኛ ነቃፊ ነው። እንከን ካላገኘ አይወጣም፤ ትከሻው ጎበጠ፣ ኪሱ ጠበበ እያለ ቀኑን ሙሉ ይነዘንዘኛል። ክሯን ስተውለት ግን ያገኛታል፣ ይመዛታል፣ ተቆጥቶ፣ ደስ ብሎት ይሄዳል።

አራሚው፦ [እየሳቀ] እንዴት ያሉ ጅሎች ናቸው! እና አንዱም አይነቃም?

ሰፊው፦ አንዱም። የቅዳሜዋም እንደዚያው ናት።

አራሚው፦ የቅዳሜዋ ምን?

ሰፊው፦ ንጉሡ ሠ።

[አራሚው ከመስታወቱ ወደ ሰፊው ይዞራል።]

አራሚው፦ አውቀህ ነው?

ሰፊው፦ ስህተት የሌለው ኮት ስለጥፍ አራት ሰው ያየኛል። አንዲት ፊደል ሳበላሽ ግን አንተ ትመጣለህ። አንተ ስትመጣ ቀይ ብዕር ይመጣል። እናንተ ስትፋለሙ ሰፈሩ ሁሉ ሊያይ ይመጣል። የመጣ ደግሞ ኮቱን ያያል።

አራሚው፦ አሥራ ሁለት ቅዳሜ! አሥራ ሁለቱንም?

ሰፊው፦ ስድስተኛው ላይ እውነት ተሳስቼ ነበር። እሱንም አንተ ነህ ያገኘኸው፤ አመሰግናለሁ።

አራሚው፦ [ወንበር ላይ ቁጭ ይላል] እኔ እኮ... ማተሚያ ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ ማንም ምንም ጠይቆኝ አያውቅም። ያገለገልኩ የሚመስለኝ እዚያች ገጽህ ላይ ብቻ ነበር። ለካ ክር ስመዝ ነው የከረምኩት።

ሰፊው፦ አትዘን፤ ቀይ ብዕርም እንዳንተው ነው። ካፖርት አሰፍቶ ክሯን ሲያገኝ ብታየው፣ ልጅ የወለደ ነው የሚመስለው።

አራሚው፦ ታውቀዋለህ?!

ሰፊው፦ ደንበኛዬ ነው። «ይሄ ገጽህ ላይ የሚነታረከኝ ሰውዬ ነዝናዛ ነው፤ ግን ፊደል ያውቃል። የት ነው የሚሠራው?» አለኝ። ሶፋዬ ላይ ነው አልኩት።

አራሚው፦ እና?

ሰፊው፦ እናማ አራት ሰዓት ላይ ይምጣ አለኝ። የአዲሱ ማተሚያ ቤት ዋና አራሚ እሱ ነው።

አራሚው፦ [ብድግ ብሎ] ትናንት ፊደል ሳይቆጥር ያደገ ብዬዋለሁ!

ሰፊው፦ አንብቧል። ስቋል። በል ፍጠን፣ አሥር ደቂቃ ነው ያለህ። ያንን ስልክ ኪስህ ክተትና ሂድ።

[አራሚው ስልኩን ኪሱ ይከትና ለመጀመሪያ ጊዜ ቀኝ እጁን ያወርዳል። እጅጌው እስከ ጣቶቹ ጫፍ ወርዶ እጁን ይውጠዋል።]

አራሚው፦ እጄ! እጄ የት ሄደ?

ሰፊው፦ ውስጥ አለ። ስልክ እንደያዝክ ነው የለካሁህ። አውርድ፣ አውርድ ስልህ የማን ጆሮ ይስማ?

አራሚው፦ ኧረ አሳጥረው!

ሰፊው፦ ለመተርተር ብቻ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። እጅህን መልሰህ እጠፈው... እንደሱ። ተመልከት፣ ልክ ነው!

አራሚው፦ ሦስት ወር የሰደብኩት ሰው ፊት እጄን እንዲህ ሰቅዬ ልቀመጥ? የእጅጌዬን ነገር ካየብኝስ?

ሰፊው፦ [ክሩን ከወለሉ አንሥቶ እያየ] እንዲያይልህ ጸልይ። እንደዚህች ክር እሷን ካገኘ ሌላ እንከን አይፈልግብህም።