ወይዘሪት እምነትና ስሱ ጋዝ

«በግምት» የሚለውን ቃል እንደ ኃጢአት የሚሸሽ ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም፤ እንዲህ ያለው ሰው ለራሱ ዕረፍት፣ ለጎረቤቱም ሰላም የለውም። ለእኛ ለገላን ኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች የደረሰችን ክብርት ወይዘሪት እምነት ናት።

በማኅበራችን ድግስ ወይዘሮ ዳሲቱ ጌሾና ብቅሉን በጣሳ ሲሰፍሩ ሚዛን ይዛ ወረደች።

«እትዬ፣ ጣሳው እኩል ሞላ ማለት ክብደቱ እኩል ነው ማለት አይደለም።»

«እስከ ዛሬ ጠላዬን ጠጥቶ ማን ታመመ?»

«ማንም አልታመመም፤ ልክ ግን አልነበረም።»

ጠላው በሚዛን ተጠመቀ፤ ልዩነቱን የቀመሰ የለም። ወይዘሮ ዳሲቱ ግን ለሳምንታት ፊት ነሷት። እኔንም አልማረችኝም፤ ሰዓቴ ወደ ኋላ መቅረቱን ከቅዳሴ ስንወጣ በምእመናን ፊት ነግራኛለች።

ሥራዋም እንደ ጠባይዋ ነው። ረቂቅ ቅንጣቶችን የሚይዝ መሣሪያ ገና ሳይሠራ በኮምፒውተር ትፈትነዋለች። በውስጡ ያለው አርጎንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተደባለቁበት፣ ግፊቱ ዝቅ ያለ ስስ ጋዝ ነው። የመመረቂያ ጽሑፏን የምታቀርብበት ቀን ሲቃረብ የራሷን ስሕተት አገኘች፦ ግፊቱን ዝቅ አድርጋ ስትጽፍ የጋዙን እፍጋት፣ ማለትም ጥግግቱን፣ በሙሉ ግፊት እንደሚሆነው ትታዋለች፤ ፕሮግራሙ ደግሞ የሚያሰላው በእፍጋቱ ነው።

መምህሯ «ማንም አያስተውለውም፤ አቅርቢው» አሏት።

«እኔ አስተውዬዋለሁ» ብላ ስሌቱን ከመጀመሪያው ጀመረች። ቀኑ ካለፈ ምርቃቷ ለሌላ ዓመት ይተላለፋል።

ስሌቱ ሊያልቅ ሲል በማለዳ እስከ ቃሊቲ ድረስ መብራት ጠፋ። የነዋሪዎቹ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነኝና ውሃ ወደ ላይ ፎቆች የሚገፋው ጄኔሬተር ቁልፍ በእጄ ነው፤ ጄኔሬተሩ ግን ከውሃው ጋር ሌላ ነገር አይሸከምም። በሬን አንኳኳች።

«አባባ፣ ባትሪው ሳያልቅ ጄኔሬተሩን ለዛሬ ለኮምፒውተሬ ይፍቀዱልኝ።»

«ልጄ፣ መምህርሽ ካሉ ለአንድ ጊዜ በግምት ቢያልፍስ?»

«አንቱ ቅዳሴ በግምት ያስቀድሳሉ?»

ቁልፉን አወጣሁ።

አራተኛ ፎቅ የሚኖረው ጂራታ «ለማይታይ ጋዝ ብለን ውሃ እንጣ?» እያለ ወረደ። ወይዘሮ ዳሲቱ ቢጫ ጀሪካናቸውን አንሥተው ወደ ምድር ቤቱ ቧንቧ እያመሩ፣ «ና፣ አብረን እንቅዳ። ይቺ ልጅ ካልጨረሰች ማናችንንም አታስተኛም» አሉት።

ስሌቱ አመሻሽ ላይ አለቀ። ያ የሚያምረው የቀድሞው ውጤት ፈረሰ፤ አዲሱ ደከም ያለ ነበር። እምነት ያንኑ ደካማውን ይዛ በቀጠሮዋ ቀን ከፈታኞቹ ፊት ቆመች፤ አለፈችም። እኔ ከወይዘሮ ዳሲቱ ጋር ከኋላ ተቀምጬ አንዲት ቃል ሳይገባኝ፣ የገዛ ልጄ የተመረቀች ያህል ዕንባዬ መጣ።

አምላክ ልቧን ያጽናልን፤ ደጇን ይጠብቅ፤ ከቤቷ ሳቅና እንግዳ አይጥፋ። አሜን።