ደረጃ የሚያስሮጥ እንጉዳይ

አርባን ተሻግሮ እንደ ኮበሌ ልሁን የሚል ሰው አላጋጠማችሁም? ሩዋንዳ የሚባለው ሰፈር የሚኖረው ጓደኛዬ ግርማቸው እንደዚያ ነው። በየማለዳው ኃይል ይሰጣል የተባለ የእንጉዳይ ዱቄት በጥብጦ ይጠጣና አራተኛ ፎቅ በሩጫ ይወጣል። ሊፍት፣ እንደ እሱ አባባል፣ የበሽተኛ ነው።

ቅዳሜ ለእኔም በጠበጠልኝ። እኔ ደግሞ ስለ እንጉዳይ «የጅብ ጥላ የቀመሰ አያድርም» ተብዬ ያደግሁ ሰው ነኝ። ግን የወዳጅ ብርጭቆ እንዴት ይመለሳል? ዓይኔን ጨፍኜ ጨለጥኩት። ወዲያው በልቤ ኑዛዜ ማርቀቅ ጀመርኩ።

ግርማቸው ስልክ ሊያናግር በረንዳ ሲወጣ ባለቤቱ ጠጋ አለችኝ።

«ምነው ላብ አጠመቀህ?»

«እንጉዳዩ…»

«አይዞህ፣ እንጉዳዩን ፈርቼ ገና ድሮ ደፍቼዋለሁ። ጣሳው ውስጥ ያለው የእናቴ በሶ ነው፤ መልኩ እንዲመስል ኮኮዋ ጨምሬበታለሁ። ብቻ እንዳትነግረው፣ ደረጃ መውጣቱን ይተዋል።»

ነፍሴ ተመለሰች። ግርማቸው ገብቶ «ኃይሉ ተሰማህ?» አለኝ።

«በደንብ ነዋ፤ እስቲ ድገመኝ» አልኩት።