ለልጄ ሞተር ያወጣሁት ብረት

ጎበዝ፣ ዛሬ የሰፈር ሰው ከሞተር ሥር ጎትቶ አወጣኝ!

ሞተሩ አልተነሳም ነበር። ቁልፉም እኔ ጋ የለም። በስድሳ ዘጠኝ ዓመቴ ከቆመ ሞተር ጋር ተጋጨሁ! ይሄ ልዩ ተሰጥኦ ይጠይቃል።

ከመሳቃችሁ በፊት ግን ከሥሩ ልንገራችሁ። ከዚያ ትስቃላችሁ፤ መብታችሁ ነው።

አንዲት ልጅ አለችኝ፤ ሚሚ። እናቷ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ የቀረነው እኔና እሷ ነበርን። አምና ስፖርት ሞተር ገዝታ መጣች። ቀይ፣ ጎንበስ ተብሎ የሚነዳ፣ ሲነሳ የልደታን ውሻ ሁሉ የሚያስጮህ።

እኔም አባት አይደለሁ? ቱግ አልኩ። «ከእኔና ከሞተሩ አንዱን ምረጪ!» አልኳት።

መረጠች።

ሞተሩን!

አብነት ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራየች። ግቢው ግን ሞተር ማቆሚያ የለውም። ስለዚህ ሞተሩ እኔ ጋ ያድራል፣ እሷ እዚያ ታድራለች። የጠላሁት ቀረልኝ፣ የምወዳት ሄደች። እንደዚህ አድርጎ የተደራደረ ሽማግሌ ታውቃላችሁ?

ጠዋት ልትወስደው፣ ማታ ልትመልሰው ትመጣለች። «እንዴት አደርክ?» «ደህና።» «እንዴት ዋልክ?» «ደህና።» አለቀ። እኔ ግን፣ ለማንም አትንገሩ እንጂ፣ ለዚያች ሰላምታ ብዬ ነው ጢሜን የምላጨው።

ከሁለት ሳምንት በፊት እያነከሰች መጣች። የሞተሩ ጎን ተፍቋል። ዘንቦ ነበር፤ አስፋልቱ አንሸራትቷታል። «ምን ሆንሽ ልጄ?» ማለት ነበረብኝ።

«ግቢውን ጭቃ እንዳታደርጊው» አልኳት።

አዎ፣ እንደዛ አልኩ። ስድብ ያላችሁ ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ።

ባለፈው ሰኞ አንድ ካርቶን ሞተሩ አጠገብ አስቀምጣ ሄደች። «ቅዳሜ የሚገጠም ዕቃ ነው» አለች። የሰው ዕቃ መክፈት ነውር ነው። ከፈትኩት። ፍሬም ስላይደር ይሉታል፤ ሞተር ሲወድቅ ጎኑ መሬት እንዳይመታ ግራና ቀኝ በብሎን የሚታሰር፣ ቡጢ የሚያክል ድቡልቡል ነገር። ደስ አለኝ! ለካ ልጅቷ ለነፍሷ ታስባለች!

ግን ፕላስቲክ!

እኔ እኮ ሠላሳ አምስት ዓመት ጌጃ ሰፈር ቶርኖ ላይ ቆሜ ብረት ስቆርጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ልጄን ለፕላስቲክ አደራ ልስጥ?

የድሮ ጓደኛዬ ወርክሾፕ ሄድኩ። አራት ቀን ተመላለስኩ። ልኩን ከፕላስቲኩ ወስጄ ከድፍን ብረት አወጣሁት። ፊቴን እስኪያሳየኝ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት። እዚያ ውስጥ ያየሁት ሽማግሌ ፈገግ ብሏል። ከጠፋ ቆይቶ ነበር።

ዕቅዴ ምን መሰላችሁ? ቅዳሜ ስትመጣ ታየዋለች። «አባዬ፣ አንተ ነህ የሠራኸው?» ትላለች። ያለ አስታራቂ፣ ያለ ይቅርታ ታረቅን ማለት ነው!

ዛሬ በጠዋት ተነስቼ አሰርኩት። መፍቻው ላይ ቱቦ ሰክቼ፣ እያቃሰትኩ አጠበቅኩት። ምን ያህል መጥበቅ እንዳለበት የሚናገር ወረቀት ካርቶኑ ውስጥ ነበር። እኛ የድሮ ሰዎች በወረቀት አናጠብቅም። በክንድ ነው!

ሦስት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ሚሚ ናት፤ ፕላስቲኩን የሚገጥምላትን መካኒክ፣ ነስሩን፣ ከጠመንጃ ያዥ ሰፈር ይዛ መጥታለች። እኔም ብረቱ ፀሐይ አግኝቶት እንዲያብረቀርቅ ብዬ፣ የሞተሩን መቆሚያ እግር አጥፌ ወደ በሩ ላዞረው ገፋሁት።

ሞተሩ ወደ እኔ ዘመም አለ። ጉልበቴ «እኔ የለሁበትም» አለ።

ጓ!

ጎረቤቴ ሩቂያ ሮጣ ደረሰች። «ውይ ጋሽ ታደሰ! በዚህ ዕድሜዎ ሞተር አማረዎት?»

እነ ሚሚ ሞተሩን አነሱ፤ ሩቂያ እኔን ጎተተች። ከመላላጥ በቀር ደህና ነኝ። ሱሪዬ ግን እስከ ጭኔ ተተርትሯል። ሰፈሩ ያላየብኝ ነገር ቢኖር ትንሽ ነው።

ነስሩ አጎንብሶ ሞተሩን አየ። ብረቴ ምንም አልሆነም! ጭረት እንኳ የለውም! «አያችሁ?» ልል አፌን ስከፍት ዘይት ሲንጠባጠብ አየሁ። ብሎኑ የሚገባበት የኢንጂኑ ጆሮ ተሰንጥቋል።

«ጋሼ» አለኝ በትህትና፣ ትህትናው ነው የገደለኝ፣ «ፕላስቲክ የሆነው እኮ ያለ ነገር አይደለም። ሲወድቅ ይፋቃል፣ ይንሸራተታል። ራሱ እያለቀ ሌላውን ያተርፋል። ብረት ግን አይሸነፍም። ድንጋዩን ነክሶ ይቆምና ምቱን ሁሉ ወደ ውስጥ ይልከዋል።»

ስለ ብረት ነው ያወራው። ሩቂያ ለምን እኔን እንዳየችኝ አልገባኝም።

ከዚያ አንድ ነገር ጠየቅኩት። ምነው ባልጠየቅኩ!

«እሺ ፕላስቲኩ ቢሆን... እሷን ያድናት ነበር?»

«እሷን?» ግር አለው። «ጋሼ፣ ይሄ ለሞተሩ ነው። ለሰው የሚያደርገው ነገር የለም።»

አራት ቀን ሙሉ! ለሞተሩ!

ሚሚ እጇ ላይ ያለውን ሄልሜት መሬት አስቀመጠች። ዓይኗ እርጥብ ነበር። ቁጣ ብጠብቅም አልተቆጣችም። «አባዬ፣ ትጠላው የለ እንዴ? ለምን ብለህ ነው የደከምከው?»

ይኸው! ስምንት ወር የጠበቅኩት ጥያቄ! መልሱ ደግሞ አጭር ነው፤ ፈርቼ ነው። አንዳንድ ቀን ስታመሺ በሩ ላይ ቆሜ የሚያልፈውን ሞተር ሁሉ ድምፅ አዳምጣለሁ። በቃ፣ ይቺን ማለት ብቻ!

«ግቢዬ ውስጥ ፕላስቲክ እንዳይበዛ ብዬ ነዋ!» አልኩ።

ማንም አልሳቀም። በሁሉ የምትስቀው ሩቂያ እንኳ።

ፒካፕ ጠርተው ሞተሩን ወደ ጋራዥ ጫኑት። ሚሚ ከበሩ ሳትወጣ ዞር አለች። «ሲሠራ እዚያው አካባቢ ማሳደሪያ እፈልግለታለሁ። ከእንግዲህ አታስብ።»

አታስብ!

አያችሁ፣ ከሱሪው ይልቅ ያዋረደኝ ይሄ ነው። ልጄን ጠዋትና ማታ ወደ በሬ የሚያመጣት ያ የጠላሁት ሞተር ነበር። እሱንም በገዛ እጄ ሰበርኩት።

ትምህርት ለምትፈልጉ፦ ካርቶን ውስጥ ያለ ወረቀት አንብቡ። ሌላውን ትምህርት ገና አልጨረስኩትም።

ይሄን ሁሉ የለፈለፍኩት እሷ እንድታነበው ነው። ፊት ለፊት ያቃተኝን በጣቴ ልሞክር ብዬ። ሚሚ፣ ፈርቼ ነው።

አሁን ታግ ላደርጋት ስሟን ጻፍኩ። ጠዋት እዚህ ገጼ ላይ ጓደኞቼ ዝርዝር ውስጥ ነበረች፤ አሁን ግን ስሟ አይመጣም። መነጽሬን ጠርጌ እንደገና ጻፍኩ። ስልኩን አጥፍቼ አበራሁት።

ኔትወርክ ነው፣ አይደል?