ለሆላንዷ ነፍሰ ጡር የተላለፈ የአቋም መግለጫ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ከሩብ፣ በሆሳዕና ከተማ የሚገኝ አንድ የተከበረ መሥሪያ ቤት የአውሮፓን ፍትሕ ለማገዝ ተሰበሰበ። ምክንያቱ በሬዲዮ የተሰማ ዜና ነበር፤ ነፍሰ ጡር በመሆኗ ሥራ የተነፈገች አንዲት የሆላንድ ሴት መብቷ ተጥሷል ሲል የአውሮፓ ፍርድ ቤት ፈርዷል።

ሰብሳቢው ጓድ ጠና ተነሡ። «ጓዶች! በዚህ ጉዳይ የሌሞ ገበሬ ዝም ቢል ታሪክ ይፋረደዋል!»

ጭብጨባው አስተጋባ። የሌሞ ገበሬ ግን ከከተማው ወጣ ብሎ በወረዳው ገብሱን እያጨደ ስለነበር አልሰማም።

ቃለ ጉባኤ የያዘችው ጵርስቅላ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር፣ የመሥሪያ ቤቱም ጊዜያዊ ታይፒስት ነበረች። ባለፈው ሳምንት ለቋሚው ቦታ ተፈትና አንደኛ ወጥታለች። ይኸው የተሰበሰበው የመሥሪያ ቤቱ ኮሚቴም ለጤናዋ እጅግ በማሰብ፣ ቦታውን በሁለት ጣት ለሚጽፈው ለአራተኛው ተፈታኝ ለመስጠት አዘንብሏል።

«ጋሼ ጠና፣ የእኔስ ጉዳይ?» አለች።

«ዓለም አቀፍ አጀንዳ ላይ ነን እኮ ጵርስቅላ! የግል ጉዳይ አታምጪብን።»

«እሺ። የሴትዮዋን ስም ማን ልበል?»

ጓዶቹ ተያዩ።

«እኔ ስሰማ የሬዲዮው ባትሪ እየደከመ ነበር» አሉ ጓድ ረሻድ።

«የሴት ስም ጠፍቶ ነው? ደስ ያለሽን አስገቢ» አሉ ሰብሳቢው። «ብቻ ጠንከር ይበል! በአስቸኳይ በቋሚነት ትቀጠር በይ!»

ጵርስቅላ እንደታዘዘችው ጠንከር አድርጋ ጻፈች። ኮሚቴው የራሱን ጽሑፍ ማንበብ ራስን መጠራጠር ነው ብሎ ስለሚያምን፣ አምስቱንም ቅጂ ሳያነብ ፈረመ፤ ማኅተሙም በክብር አረፈ።

በአሥረኛው ቀን ከበላይ መሥሪያ ቤት መልስ መጣ፦ «ነፍሰ ጡሯ ጓድ ጵርስቅላ በቋሚነት እንድትቀጠር በሙሉ ድምፅ ያስተላለፋችሁትን የአቋም መግለጫ አጽድቀናል። የወሊድ ፈቃዷም ከዛሬ ጀምሮ ይከበር። ለሌሎች ኮሚቴዎች አርአያ ናችሁ። ግልባጭ፦ ለጓድ ጵርስቅላ።»

ጓድ ጠና ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበቡት፤ በሥራ ዘመናቸው ይህን ያህል የተነበበ ወረቀት አልነበረም። ከዚያም አንገታቸውን ወደ ታይፕ ክፍሉ አስገብተው፣ ስብሰባ ላይ ተሰምቶ በማያውቅ ለስላሳ ድምፅ ጠየቁ፦

«ጵርስቅላ ልጄ፣ ስሕተት ተፈጥሯል የምትል አንዲት አጭር ደብዳቤ ብቻ ትጽፊልናለሽ?»

ጵርስቅላ ግልባጩ ቀድሞ ደርሷት፣ ኮሚቴው በታገለላት መብት መሠረት ፈቃዷን ጀምራ ነበር። ሽፋኑን የለበሰው ታይፕም ለጓድ ጠና መልስ አልሰጠም።