ስምንት ቅጠል፣ በሕይወት ያለ

ንብረት አያያዝን በተመለከተ የዚህ መሥሪያ ቤት ተምሳሌትነት ከማንም የተሰወረ አይደለም። እርሳስ ያለ ፊርማ አይቀረጽም፤ መጥረጊያ ያለ ደብዳቤ ጥግ አይቀይርም። ለዚህ ክብር ያበቁት ደግሞ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ የንብረት ክፍሉን የመሩት አዛውንት ናቸው። እውነተኛ ስማቸውን የሚያስታውስ የለም፤ ሁሉም «ጋሽ ንብረት» ይላቸዋል።

ጋሽ ንብረት ጡረታ ሊወጡ መንፈቅ ቀራቸው። ሚስታቸው ከአሁኑ ሻንጣውን ሸክፈው በሩ አጠገብ አቁመውታል። ሌላ ከተማ የተዳረችው ልጃቸው ወልዳለች፤ የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸውን ግን እስካሁን አላዩትም፤ ናፍቆቱ አንጀታቸውን በልቶታል። የቀራቸው የተረከቡትን አስረክበው ክሊራንስ የሚባለውን ወረቀት መቀበል ብቻ ነበር። ወንበሩም ጠረጴዛውም፣ የማይሠራው ማራገቢያ እንኳ ሳይቀር፣ ተቆጥሮ ልክ መጣ። መጨረሻ ላይ ግን ራሳቸው በወጣትነት ትጋታቸው የጻፉት አንድ መስመር ተገኘ፦ «ተክል፣ የቤት ውስጥ፣ አንድ። ቅጠል፣ ስምንት። ሁኔታ፣ በሕይወት ያለ።»

ተክሉ ደረጃው ሥር ነበር። ባለጉዳይ ሲጋራውን ሲተረኩስበት፣ ሠራተኛው የሻይ ትራፊ ሲደፋበት ኖሯል፤ አፈሩም ተሰነጣጥቋል። ከስምንቱ ቅጠል የቀሩት ሁለት ሲሆኑ፣ አንዱ ቢጫ ነው፤ ሁለተኛውም ቢጫ ለመሆን በዝግጅት ላይ ነበር።

እንዲህ ያለ ከባድ ጉዳይ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ አይጣልምና፣ አምስት አባላት ያሉት የተክል ማነቃቂያ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢ የሆኑት ምክትል ሥራ አስኪያጁ ሥራውን ሲያስጀምሩ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ሲሉ አስገነዘቡ። ሁሉም አጨበጨቡ፤ አንድ ብርጭቆ ውሃ ይዞ የመጣ ግን አልነበረም። በመጀመሪያው ወር አጀንዳ ጸደቀ። በሁለተኛው ወር፣ ተክሉ የደረቀው በውሃ እጥረት ነው ወይስ በተነሳሽነት ማነስ በሚለው ነጥብ ላይ ሰፊ ውይይት ተካሄደ። ጋሽ ንብረት፣ እስከዚያው ትንሽ ቢጠጣስ ብለው ቢጠይቁ፣ ሰብሳቢው «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብለው መለሱላቸው። ውሃ ከፈሰሰ እንደማይለቀም ጋሽ ንብረት ያውቃሉ፤ ለአለቃ ግን እንዲህ አይባልም።

ደረጃውን የምትወለውለው የጽዳት ሠራተኛ ጋሽ ንብረት ጠዋት ጠዋት ተክሉ አጠገብ ቆመው ቅጠል ሲቆጥሩ ታያቸው ነበር። ሁለት ቅጠል ለመቁጠር ያን ያህል መቆም እንደማያስፈልግ ገብቷታል።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ጠምቶት ነው» አለቻቸው አንድ ቀን። «ላጠጣው?»

ጋሽ ንብረት ግራ ቀኙን አዩ። «ኮሚቴው ሳይፈቅድ?»

«የጠማው እሱ፣ የሚፈቅዱት እነሱ?» አለችና ሳሙና ያልገባበትን ውሃ ከባልዲዋ ቀንሳ አፈሰሰችለት። የሲጋራውን ቁራጭ ለቀመች፤ አፈሩን በማንኪያ ኮተኮተች፤ ሸክላውን እየገፋች መስኮቱ ሥር አደረሰችው። ከዚያ ወደ ውልወላዋ ተመለሰች። በየጥቂት ቀኑ እንዲሁ አደረገች።

ኮሚቴው የአርባ ገጽ ጥናቱን ባጠናቀቀ ዕለት ተክሉ አሥራ ሦስት ቅጠል ይዞ ያብለጨልጭ ነበር። ሰብሳቢው ውጤቱ የተቀናጀ አመራር ፍሬ መሆኑን ገልጸው አምስቱንም አባላት በምስክር ወረቀት ሸለሙ። የጽዳት ሠራተኛዋንም አልረሷትም፤ ከሥነ ሥርዓቱ በኋላ አዳራሹን እንድታጸዳ አስጠርተዋታል።

ጋሽ ንብረት በደስታ የሚሆኑትን አጡ። ለሚስታቸው ደውለው ትኬት ይቆረጥ አሉና ክሊራንሱን የምትፈርመውን ኦዲተር ይዘው ወደ ተክሉ ወረዱ። እሷም መነጽሯን አስተካክላ ቆጠረች፤ ደግማ ቆጠረች።

«ጋሼ፣ መዝገቡ ስምንት ነው የሚለው። አምስቱ ከየት መጡ?»

«በቀሉ።»

«በማን ፈቃድ?»

«ልጄ፣ ቅጠል እኮ ነው።»

«ጉድለት ቢሆን መላ አለው፤ ኮሚቴ ይቋቋምለታል። ትርፍ ግን ምንጩ ሳይታወቅ አልፈርምም። ከሌላ ክፍል ተክል ላይ አለመወሰዱን በምን ልወቅ?»

አምስቱን ልቀንጥሳቸው ቢሉ፣ ያ ንብረት ማውደም ነው ተባሉ። በራሱ ከረገፈ ግን የአገልግሎት እርጅና ስለሚባል ደንቡ አይከለክልም። ያን ቀን ቤታቸው ገብተው ሻንጣውን ሲያዩ ሆድ ባሳቸው። ልጃቸው በስልክ እንደነገረቻቸው፣ የልጅ ልጃቸው ማንንም ሳያስፈቅድ ሁለት ጥርስ አብቅሏል።

ሠላሳ ሦስት ዓመት ያገለገለ ሰው ግን መላ አያጣም። በማግስቱ ማመልከቻ ጻፉ፤ ተክሉ የደረሰበት ከፍተኛ ደረጃ ተጠብቆ እንዲቆይ፣ በኮሚቴው የቅርብ እንክብካቤ ሥር እንዲውል በትሕትና ጠየቁ። ሰብሳቢው እጅግ ተደሰቱ። ተክሉ ከመስኮቱ ሥር ተነሥቶ መጋረጃው ወደማይገለጥ የስብሰባ ክፍል ገባ። «መንካት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጠፈበት፤ ለአንድ ጣሳ ውሃም የሦስት አባላት ፊርማ እንዲያስፈልግ ተወሰነ።

በሁለተኛው ሳምንት አሥራ አንድ ሆነ፤ በሦስተኛው ዘጠኝ። በአራተኛው ሳምንት ሰኞ ጠዋት ጋሽ ንብረት ቆጥረው ስምንት አገኙ። ኦዲተሯን ቁርሷን እንኳ ሳያስጨርሱ ይዘዋት መጡ። ቆጥራ ፈረመች፤ ተተኪው የንብረት ኃላፊም «ስምንት ቅጠል፣ በሕይወት ያለ» በሚለው ሥር ፈርሞ ተረከበ። ኮሚቴው በታሪኩ አንድ ሥራ በወቅቱ ሲያጠናቅቅ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ጋሽ ንብረት ወረቀታቸውን ኪሳቸው ከትተው ገና ከውጭው በር ሳይደርሱ፣ ተተኪው እየሮጠ ደረሰባቸው። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ጋሼ፣ አንዱ አሁን ወደቀ። ሰባት ቀረኝ። ምን ይሻለኛል?»

ጋሽ ንብረት ከልባቸው አዘኑለት። ትከሻውን ያዝ አድርገው፣ በቅጽ ላይ የማይሰፍረውን ርክክብ በጆሮው ፈጸሙ።

«የጽዳቷ ጋ ሂድ፤ ውሃ ታጠጣልሃለች» አሉት። «ግን አደራህን፣ ስምንት ሲሞላ አስቁማት።»