ለክሊኒክ የተላከ ሽማግሌ

በአገራችን ከሥራ ይልቅ ሚስት ማግኘት ይቀላል! አትሳቁ፣ አስቡት እንጂ። ሚስት ልትጠይቁ ሄዳችሁ "ከዚህ በፊት አግብቶ ያውቃል?" ሲባል "ኧረ በጭራሽ" ከተባለ የልጅቷ አባት ደስ ይላቸዋል። ሥራ ልትጠይቁ ሄዳችሁ "ከዚህ በፊት ሠርተህ ታውቃለህ?" ስትባሉ ግን "ኧረ በጭራሽ" በሉ እስቲ… በሩ በየት በኩል እንደሆነ ያሳዩዋችኋል።

የኔ ደግሞ ከዚህም የባሰ ነበር። ያላገባም አይደለሁ፣ ያገባም አይደለሁ። በነርስነት ከተመረቅኩ አራት ዓመት ቢሞላኝም አንዲት ቀን እንኳ በነርስነት አልሠራሁም። ቡሬ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ሦስት ወር ገንዘብ ተቀባይ ሆንኩ፤ እህል መጋዘን ውስጥ አምስት ወር ጆንያ መዘንኩ፣ ሰፋሁ፤ ሁለት ወር ባጃጅ ነዳሁ። የቀረው ጊዜ የት ሄደ ብላችሁ አትድከሙ፣ እናቴ ቤት ተኝቼ ነው የሄደው። ከሁሉ ያስጨነቀኝ እጄ ነበር። ደም ሥር መፈለግ የተማረ እጅ ጆንያ መስፋት ሲለምድ ያስፈራል። አንድ ዓመት እንዲሁ ቢጨመርበት "ነርስ ነኝ" ማለቴ ራሱ ውሸት ሊሆን ነው።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ አንዲት ትንሽ የግል ክሊኒክ አለች። ባለቤቷ ሲስተር የሺ የደጋ ዳሞት፣ የፈረስ ቤት ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በነርስነት የጨረሱ። ማመልከቻዬን ይዤ ሄድኩና ሰጠኋቸው። በመነጽራቸው በላይም በታችም አዩት።

"ልጄ፣ ይሄ የሥራ ልምድ ነው ወይስ የሚኒባስ ፌርማታ? አንዱም ጋ አልቆየህም እኮ" ብለው መለሱልኝ።

እናቴ ይህን ስትሰማ በሲስተር አልተናደደችም፤ በኔ ተናደደች። ወግ ያለው ሰው ብቻውን ሄዶ ይጠይቃል ወይ፣ ማንስ ይሰጠዋል፣ አለች። በሳምንቱ ሦስት ሽማግሌ አቆመች። አንደኛው የነፍስ አባታችን አባ ይትባረክ፣ ሁለተኛው አጎቴ አያ ሙሉነህ ናቸው። ሦስተኛው ሦስት እንዲሞላ የተጨመሩ ጎረቤታችን ነበሩ። ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይሄድም ብዬ ለማምለጥ ሞክሬ ነበር፣ የሰማኝ የለም።

እነሱ ጋቢ ለብሰው፣ ጭራ ይዘው፣ እኔም ተከትዬ ከቡሬ በሚኒባስ ተጓዝን። ክሊኒኩ ስንደርስ ካርድ የምታወጣዋ ልጅ ታማሚው ማን እንደሆነ ጠየቀች። አያ ሙሉነህ ታማሚ እንደሌለ፣ የመጣነው ለጉዳይ እንደሆነ በክብር አስረዷት። እሷ ግን ተራ ቁጥር ሰጠቻቸው። ተቀመጡ ስትላቸውም አሻፈረኝ አሉ፣ "እሺ" ሳይባል መቀመጥ ነውር ነዋ! መርፌ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ሕመሙን ረስቶ እኛን ያይ ጀመር። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሲስተር ወጡ። የደጋ ዳሞት ሰው ናቸውና ገና ሲያዩን ነገሩ ገባቸው። የቆመ ሽማግሌ ደግሞ እንዲሁ አይመለስም።

"አባቶቼ፣ ዘሩን አልጠይቅም" አሉ። "አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ። ከፋርማሲው ለምን ወጣ?"

ሁሉም ወደ አባ ዞሩ። ገመናዬን የሚያውቁ እሳቸው ናቸው። አባ አንገታቸውን ደፉ።

"ልጄ፣ እሱን የማውቀው በንስሐ ነው። አይነገርም።"

"ከእህል መጋዘኑስ?"

"እሱም በንስሐ ነው።"

አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ልጇን ይዛ ራቅ አለች። ወገኖቼ፣ ሰው አልገደልኩም! ከፋርማሲው የተባረርኩት ባንኮኒው ላይ እንቅልፍ ወስዶኝ ነው፤ ከመጋዘኑ ደግሞ አለቃዬን በዐቢይ ጾም ስለሰደብኩ። አባ ግን ዝም ባሉ ቁጥር ወንጀሌ ይገዝፍ ነበር። አራት ዓመት የጠበቅኩት ሥራ በሁለት "አይነገርም" ሲያመልጠኝ ታየኝ፣ እውነቴን ነው፣ እንባዬ መጣ።

"ከባጃጁስ?" አሉ ሲስተር፣ ተስፋ በቆረጠ ድምፅ።

አባ ቀና አሉ።

"እሱስ በንስሐ አይደለም። እኔም ውስጡ ነበርሁ።"

አለቀልኝ አልኩ። አባ ግን ጀመሩ። ባጃጁን ገልብጬ ቦይ ውስጥ እንደከተትኳቸው፣ ግራ እጃቸው እንደተሰበረ፣ እኔም ደም የተቀባ ፊቴን ሳልጠርግ የተሰበረ መቋሚያቸውን እጃቸው ላይ ደግፌ በነጠላቸው እንዳሰርኩት አንድ ሳያስቀሩ ተናገሩ። ሲስተር የአባን እጅ ተቀብለው አገላበጡ፣ ክንዳቸውን ዳሰሱ።

"እስቲ ጣቴን ይጨብጡ አባ።"

አባ ጨበጡ። ሲስተር ፊታቸው ተኮማተረ።

"ኧረ ይብቃዎ! አጥንቱስ ቀጥ ብሎ ገጥሟል።" ወደ እኔ ዞሩ። "ሰኞ ና። መንዳት ግን አትሞክር።"

ሦስቱ ሽማግሌዎች አንድ ላይ ተቀመጡ፤ አያ ሙሉነህማ ወደቁ ማለት ይሻላል።

ይሄ ከሆነ ሁለት ዓመት አለፈ። ባለፈው ወር ቡሬ ላይ የተሻለ ሥራ አገኘሁና ሲስተርን ልልቀቅ አልኳቸው። በሽማግሌ የገባ በሽማግሌ ነው የሚወጣው፣ ሂድና ላካቸው አሉኝ። አያ ሙሉነህን ስለምናቸው ያን ቀን የቆሙበት ጉልበት እስካሁን እንደሚጠዘጥዛቸው ነገሩኝ። ወደ አባ ሮጥኩ።

"ክሊኒኳ ምን በደለችህ?" አሉኝ።

"ምንም።"

"እንግዲያ በምን ልትፈታት ነው?"

የቡሬውን ሥራ ተውኩት። ሰኞ ነጭ ጋዋኔን ለብሼ ሥራ ገባሁ። አሁን የሥራ ታሪኬ አንዲት ቀዳዳ የለውም፣ ማን አሾልኮኝ! አባ በየሁለት ሳምንቱ መጥተው የደም ግፊታቸውን ስለካ "እንዴት ነው፣ ተስማማችሁ?" ይሉኛል። "ተመስገን" እላቸዋለሁ። እስካሁን በሰማንያ ነን፤ በቁርባን ይሁን እንዳይሉኝ ግን እሰጋለሁ።