አባ ጨምር አንዲቱን ደረጃ ድል እንደ ነሡ

በዘመነ ጨምር፥ በአራተኛው የዋጋ ማሻሻያ ዓመት፥ ሪባን ቆራጩ፥ ፊርማቸው የማይነጥፈው የባቡር ፕሮጀክቱ ሥራ አስኪያጅ አባ ጨምር ባዲሱ ጣቢያ ወደ ሙከራው ባቡር ሲወጡ፥ የበሩ ደረጃ እግራቸውን ጠልፋ ጫማቸውን አስወለቀቻቸው፤ ሕዝቡም ሳቀ። ወእምዝ በታላቅ ቍጣ ተነሡ፤ ከፊት ዣንጥላ ያዡ፥ በቀኝ አማካሪው፥ በግራ የአማካሪው አማካሪ፥ ከኋላ የማይጠረቃው ሥራ ተቋራጭ፥ ከሁሉም ኋላ ፎቶ አንሺው ተሰለፉ።

አዋጅም ወጣ፦ «የሰማህ ስማ፥ ላልሰማ አሰማ! እኔ እግሬን ለባቡር አላነሣም፤ የመሳፈሪያው ወለል ይነሣልኝ!»

ወለሉም ተነሣ፤ ዳሩ ግን ተቋራጩ የሚከፈለው በሲሚንቶ ብዛት ነበርና ያለ ልክ ቆልሎት፥ ወለሉ ከባቡሩ በር አንድ ክንድ በለጠ። ትርፉን መጥረብ የጥቂት ቀን ሥራ ነበር፤ አባ ጨምር ግን ከሒሳብ ሁሉ መደመርን እንጂ መቀነስን አልተማሩም። ሐዲዱ ከፍ ይበል አሉ፤ ሐዲዱ ከፍ ቢል የባቡሩ ጣራ የእግረኛውን ድልድይ ገጨ። ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ፤ ድልድዩም ከፍ ይበል አሉ፤ መወጣጫ ደረጃውም በዛ። ዋጋው እጥፍ ድርብ ወጣ፤ ስለ አንድ ጫማቸው አገሩን ባዶ እግሩን አስቀሩት።

ሁለተኛም አዋጅ ወጣ፦ «ገንዘብ ስላነሰ የሆስፒታሉ ፌርማታ ቀርቷል፤ ሕዝቤ ሆይ፥ ታገሥ!»

በጣቢያውም ሰፈር አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ፌርማታው ሆስፒታሉ ደጅ ላይ ይሆናል ብለዋት ቤቷን ለሐዲዱ የለቀቀች፥ ትንሽ ልጇን ለኩላሊት እጥበት የምታመላልስ። እርሷም ወደ ሆስፒታሉ መንገድ የሚያሻግረው ድልድይ ሥር ቆማ፥ ነጋሪት ባይኖራት አጥሩን በመቀሷ እየመታች አወጀች፦ «ሰዎች ስሙኝማ! ባቡሩ ይቅርብኝ፤ ቤቴን መልሱልኝ! ሰውዬው አንዷን ደረጃ መውጣት ቢያቅታቸው፥ እኔ ልጄን አዝዬ ይሄን ሁሉ ልውጣ?»

ዣንጥላ ያዡ ብቻ አቀረቀረ። ሌሎቹ ፎቶ ይነሡ ነበር። እርሷም ልጇን አዝላ ወጣች፤ መካከል ላይ የደረጃውን መደገፊያ ይዛ አረፈች፤ ደግማ ወጣች።

እንግዲህ ለኀያሉ አባ ጨምር ምስጋና ይሁን! አንዲቱን ደረጃ ድል ነሥተው ብዙዎቹን ለእናቲቱ አወረሱ። ክብራቸውም እንደ ዋጋው ይጨምር፤ ስማቸው አይረሳምና፥ ልጇን ያዘለች እናት በየደረጃው እያረፈች ታነሣዋለች።